የቋራና የመተማ ዕጣን፦ ከመዓዛው ጀርባ ያለው ታሪክ

ከጎንደር ተነስቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው አልቆ ወበቁ ሲቀበለው፣ በየተዳፋቱ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚወድቅ ዛፍ ያያል። ዛፉ በጋውን ቅጠሉን አራግፎ ስለሚቆም ለማያውቀው የሞተ ይመስላል። ወደ ቋራ፣ ወደ ገለጉና ወደ አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አቅጣጫ ሲኬድም ይኸው ዛፍ አብሮ ይዘልቃል። የዕጣን ዛፍ ነው፤ ዋልያ መቀር የሚሉትም አሉ። የሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ሲሆን፣ ይህን ስም ያተረፈለት ያ ወረቀት መሳይ ቅርፊቱ ነው።

በየቤተ ክርስቲያኑ በማዕጠንት ሰዓት ከጽና የሚወጣው፣ በየቤቱም ቡና ሲፈላ ከማጨሻው የሚነሳው ጢስ አብዛኛው ከዚህ ዛፍ የተገኘ ነው። ከዓለም የዕጣን ምርትም ትልቁን ድርሻ የሚያበረክተው ይኸው ዝርያ ሲሆን፣ የሚበቅለውም በዋናነት በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ነው። የሰው ልጅ ይህን ጠረን ለሺህ ዓመታት ሲገዛና ሲሸጥ ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ በቤተ ሙከራ ያወቀው ግን በቅርቡ ነው። ዛሬ ከጠረኑ ዋና ዋና ክፍሎች አንዳንዱን ፋብሪካ ይሠራዋል። ዛፉን ግን የሚሠራ ፋብሪካ የለም፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይም እሱ ነው።

የቆሰለ ዛፍ መልስ

ዕጣን ፍሬ ወይም አበባ ሳይሆን ዛፉ ሲቆስል የሚያፈሰው ሙጫ ነው። ቅርፊቱ ሲቀደድ ነፍሳትና ሻጋታ እንዳይገቡበት ቁስሉን በሚያጣብቅና በሚሸት ፈሳሽ ይደፍነዋል። ሰው ያደረገው ይህን መከላከያ አውቆ፣ ዛፉን ደጋግሞ እያቆሰለ መልሱን መሰብሰብ ነው። በሥራው ቋንቋ ማድማት ይባላል።

ማድማት የሚጀመረው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ሠራተኛው መንጋፍ በምትባል ትንሽ ስለታም መሣሪያ የቅርፊቱን ላይኛ ክፍል በስሱ ይልጣል። በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ጥቂት ነው። ወተት የመሰለው ፈሳሽ በፀሐይ ሲደርቅ ወደ ነጭ ወይም ወደ ቢጫ እንባ መሰል እንክብል ይለወጣል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ሠራተኛው ይመለሳል፤ የደረቀውን ለቅሞ ያንኑ ቁስል ትንሽ አስፍቶ ያድሰዋል። ክረምቱ እስኪቃረብ ድረስ ይህ ብዙ ዙር ይደጋገማል። ለዚህ ሥራ ልምድ ያላቸው ሰዎች ለብዙ ጊዜ ከትግራይ እየመጡ በመተማ ቆላ በየበጋው ሰፍረው ይሠሩ ነበር፤ የመተማ ዕጣን ታሪክ የእነሱን እጅ ትቶ አይነገርም።

የሥራው ጥበብ ያለው ጥልቀቱ ላይ ነው። ሞቱማ ቶሌራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የዛፉን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ አይተው፣ እርስ በርሱ የተያያዘው የሙጫ ቦይ መረብ የሚገኘው በውስጠኛው ቅርፊት፣ በሰባት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ውስጥ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚያ ውጭ ያለው ቦይ የተቆራረጠና ያረጀ ነው። ሠራተኛው በጣም ከሳሳ ቦዩን አያገኘውም፤ በጣም ከጠለቀ ደግሞ ዛፉ የሚያድግበትን ስስ ሽፋን ቆርጦ የማይድን ቁስል ይተዋል። በጥሩና በመጥፎ አድሚ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊሜትር ነው።

በጠረኑ ውስጥ ያለው አልኮል

ዕጣን የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው፦ በውሃ የሚሟሟ ሙጫ፣ በአልኮል የሚሟሟ ረዚን እና የሚተን ዘይት። ዘይቱ ከጠቅላላው ክብደት ጥቂቱ ቢሆንም አፍንጫችን ቀድሞ የሚያውቀው እሱን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜ የተሳተፉበት የተመራማሪዎች ቡድን የኢትዮጵያን የዕጣን ዘይት መርምሮ ውጤቱን በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት አሳተመ። ዋናው ንጥረ ነገር ኦክቲል አሲቴት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ምርመራዎችም ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ይኸው ኦክቲል አሲቴት እንደሆነ፣ ከጎኑም ኦክታኖል የሚባለው አልኮል በጥቂት በመቶ እንደሚገኝ አረጋግጠዋል። በኦጋዴንና በቦረና ከሚገኙት ሌሎች የቦስዌሊያ ዝርያዎች የሚወጣው ዕጣን ይህ ጠባይ የለውም። ስለዚህ ዘይቱን የመረመረ ኬሚስት ዕጣኑ ከሰሜንና ከሰሜን ምዕራብ ቆላ የመጣ መሆኑን ከመሣሪያው ላይ ማንበብ ይችላል።

ኦክታኖል ስምንት ካርቦኖች በሰንሰለት ተያይዘው በአንድ ጫፋቸው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዙበት አልኮል ነው። በጠጅና በአረቄ ውስጥ ያለው ኢታኖል ሁለት ካርቦን ብቻ ስላለው ከውሃ ጋር እንደልቡ ይቀላቀላል። የኦክታኖል ረጅም ጅራት ግን ስብ ወዳድ ስለሆነ፣ አንድ ሊትር ውሃ ከግማሽ ግራም ገደማ በላይ አያሟሟውም። ቀለም የሌለው፣ ከውሃ የሚቀል፣ በ195 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። ጠረኑ የብርቱካን ልጣጭና የሰም ቅልቅል ይመስላል። ከአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ከሚያኮመጥጠው አሲድ፣ ጋር ሲጣመር ኦክቲል አሲቴት ይሆናል፤ ይህኛው በ211 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ጠረኑም ወደ ፍራፍሬ ያደላል።

እነዚህ ቁጥሮች ማጨሻው ላይ የሚሆነውን ይነግሩናል። ዕጣኑ ፍም ላይ ሲወድቅ ቀድመው የሚነሱት ቀላሎቹ፣ ኦክታኖልና ኦክቲል አሲቴት ናቸው፤ የመጀመሪያው ለስላሳ፣ ፍራፍሬ ቀመስ ሽታ የእነሱ ነው። ቀጥሎ ከበድ ያሉት ሞለኪውሎች ይተናሉ። በመጨረሻ ረዚኑና ሙጫው ራሳቸው ሲቃጠሉ ጢሱ ይወፍራል፣ ዓይንም ያቃጥላል። ዕጣን በጥቂት በጥቂቱ የምትጨምር ባለቡና ጥሩውን ክፍል ደጋግማ ታገኘዋለች ማለት ነው።

ዕጣን የሄደበት መንገድ

ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት የግብጿ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት መርከቦች ልካ ነበር። በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ በቅርጫት የተተከሉ የመዓዛ ዛፎች ወደ መርከብ ሲጫኑ ተቀርጸው ይታያሉ። ፑንት የትኛው የቀይ ባሕር ዳርቻ እንደነበረ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አብዛኛው ክርክር ግን ከሱዳን ምሥራቅ፣ ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ አይወጣም። በአክሱም ዘመንም በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ዕጣን ከኢትዮጵያ ወዲያ ካለው አገር እንደሚመጣ ጽፏል።

የምዕራቡ ቆላ በር የራሱ ታሪክ አለው። ፋሲለደስ ጎንደርን ከተማው ካደረጉበት ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ከጎንደር በጭልጋ አድርጎ ወደ ሰናር የሚወርደው የሲራራ መንገድ የአገሪቱ አንዱ የንግድ ጅማት ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1772 ከጎንደር ሲመለስ በዚሁ በኩል፣ ያኔ ራስ አልፊል በሚባለው የጠረፍ ግዛት አልፎ ሰናር ገብቷል። ሳሙኤል ቤከርም እ.ኤ.አ. በ1862 መተማ፣ ሱዳኖች ገላባት የሚሉት ዘንድ ደርሶ፣ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ተክሩሮች የሰፈሩበትን ገበያ አይቶ ጽፎለታል። ደገኛው ቡናና ሰም ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ጥጥና ጨርቅ ይዞ ይጠብቀዋል። ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ሽፍትነት የጀመሩት በዚሁ በቋራ ቆላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት መተማ ላይ ነው። ድንበሩ በወረቀት የተሰመረው ደግሞ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ነው።

ዛፉን ለሳይንስ ያስተዋወቀውም የሱዳን በኩል ነው። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሰናርና ከዚያም በላይ ተጉዞ ካመጣቸው ዕፅዋት መካከል አንዱን ደሊል የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ በ1826 መዝግቦ ወረቀት ተሸካሚ ብሎ ሰየመው። በ1843 ሆክስቴተር ዛሬ ወዳለበት ወደ ቦስዌሊያ ወገን አዛወረው። የድንበር ውሉ ከመፈረሙ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ዛፉ በፓሪስ መዝገብ ገብቶ ነበር።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዕጣን ከሲራራ ወጥቶ በድርጅት እጅ ገባ። በመንግሥት የተቋቋመው የተፈጥሮ ሙጫ ድርጅት ለረጅም ጊዜ ዋናው አምራችና ላኪ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኩባንያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቀላቀሉት። ከጫካው የተለቀመው ወደ መጋዘን ይገባል፤ በአብዛኛው ሴቶች ተቀምጠው በመጠን፣ በንጣትና በጥራት እየለዩ ያበጥሩታል። ትልልቁና ነጩ አንደኛ ደረጃ ወጥቶ ወደ ውጭ ይጫናል፤ ቅርፊትና ዱቄት የበዛበት ለአገር ውስጥ ገበያ ይቀራል። ወደ ቻይና፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ አውሮፓ የሚሄደው ግን አብዛኛው ጥሬው ነው። ዘይቱ የሚጨመቀው፣ ሽቶው የሚቀመመውና ዋጋው የሚያብጠው ሌላ አገር ነው።

አልኮሉ ያለ ዛፍ

ኦክታኖል ለማግኘት ዛሬ ማንም ዛፍ አያደማም። ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባገኘው የአሉሚኒየም ኬሚስትሪ ላይ ተመሥርቶ፣ ከነዳጅ የሚገኘውን ኤትሊን ጋዝ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቀጠሉ የሚፈለገውን ርዝመት አልኮል ማውጣት ተችሏል። ከኮኮናትና ከፓልም ፍሬ አስኳል ዘይትም ይገኛል። በዚህ መንገድ የሚመረተው ኦክታኖል ለሽቶ፣ ለምግብ ማጣፈጫና ለልዩ ልዩ የኬሚካል ሥራዎች ይውላል።

ከሁሉም በላይ ኦክታኖልን በየቤተ ሙከራው ያስገባው መለኪያ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ኮርዊን ሃንሽና ባልደረቦቹ አንድ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የት እንደሚሄድ ለመተንበይ ቀላል ዘዴ አቀረቡ። ውሃና ኦክታኖል በአንድ ዕቃ ሲደረጉ አይቀላቀሉም፤ ኦክታኖሉ ከላይ ይንሳፈፋል። መድኃኒቱን ጨምረው ከናጡት በኋላ ምን ያህሉ በውሃው፣ ምን ያህሉ በኦክታኖሉ እንደቀረ ይለካሉ። ኦክታኖል አንድ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ስብን ስለሚወድ የሕዋስን ሽፋን በተወሰነ ደረጃ ይመስላል። ወደ ኦክታኖሉ የሚያደላ ነገር በሰውነትም ወደ ስብ ያደላል።

ይህ ልኬት ለቆላው ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ቆላማ አካባቢዎች ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ለብዙ ዓመታት ዲዲቲ ሲረጭ ኖሯል። ዲዲቲ ከውሃው ይልቅ በኦክታኖሉ ውስጥ ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይከማቻል። በእንስሳት ስብና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ለምን እንደሚቆይ ያን ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ቁጥር የለም። ዛሬም በሰሊጥና በጥጥ እርሻ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም ሲመዘን ከሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ የኦክታኖልና የውሃ ድርሻው ስንት ነው የሚል ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ኦክታኖሉን ብቻ ቢፈልግ ኖሮ የመተማን ዛፍ የሚያስታውሰው አልነበረም። ዕጣኑ ዋጋውን ያላጣው ሌላ ነገር ስላለው ነው።

ፋብሪካ በርካሽ የማይሠራው

በዚሁ ዕጣን ውስጥ ኢንሴንሶል የሚባል ሌላ አልኮል አለ። ሃያ ካርቦኖች ያሉት፣ በትልቅ ቀለበት የተጠመጠመ ሞለኪውል ነው። እንደ ኦክታኖል ሁሉ እሱም ከአሲቴት ጥንዱ ጋር፣ ከኢንሴንሶል አሲቴት ጋር ይገኛል። የእብጠት መድኃኒት ፈላጊዎች የሚመረምሩት የቦስዌሊክ አሲድም በዚሁ ዛፍ ውስጥ አሴቲክ አሲድ ተጣብቆበት ይገኛል። ዛፉ ቀላሉንም ከባዱንም ሞለኪውል በአንድ ብልሃት ይሠራቸዋል፤ ያንን ማስተዋል የዚህን ዕጣን ኬሚስትሪ ለመያዝ አቋራጭ መንገድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አሪየህ ሙሳየፍ፣ ራፋኤል መሹላምና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ የነጠረ ኢንሴንሶል አሲቴት የተሰጣቸው አይጦች የፍርሃትና የድብርት ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ንጥረ ነገሩ የሚሠራበትን በርም አገኙት፦ ሙቀትን በመለየት የሚታወቅ ትሪፕ ቪ3 የተባለ የነርቭ መግቢያ ነው። ይህ መግቢያ በሌላቸው አይጦች ላይ ውጤቱ አልታየም። ከዚህ ተነስቶ ቅዳሴ ላይ የሚነሳው ጢስ ምእመኑን በኬሚስትሪ ያረጋጋዋል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አይጦቹ ያገኙት ነጥሮ የተለካ መጠን ነው። ግን ዕጣኑ ከሽታ ያለፈ ሥራ ያለው መሆኑን ያመለክታል፤ ለመድኃኒትና ለመዋቢያ የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ችግኝ የሌለው ደን

ፍላጎቱ ሲያድግ ደኑ ደግሞ እያረጀ ነው። በመተማ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የፒተር ግሩነንዳይክና የኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጥናት፣ ነገሩ እንዳለ ከቀጠለ በ15 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርቱ በግማሽ፣ በ50 ዓመት ውስጥ የዛፉ ብዛት በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስልቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 የዕጣን ደኖችን ያየው የፍራንስ ቦንገርስ ቡድንም ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ውስጥ ወጣት ዛፍ አላገኘም። የግንድ ቀለበት ቆጠራውም በመተማ ቆላ ዛፎቹ ከተተኩ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንዳለፈ ያሳያል። ዛሬ የሚደማው ዛፍ ያያቶቻችን ዘመን ችግኝ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ዘሩ በክረምት ይበቅላል፤ በበጋ ግን እሳት ያቃጥለዋል፣ ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከደጋው ወደ መተማና ቋራ የተካሄደው ሰፈራ፣ የሰሊጥና የጥጥ እርሻውም መስፋፋት ደኑን አጥብቦታል። የማድማቱም እዳ አለ። በኤርትራ በተደረገ ጥናት ካልተደሙ ዛፎች የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ በብዛት ከተደሙት የተገኘው ግን ከ16 በመቶ አላለፈም። ዛፉ ስታርቹን ወደ ዘር ሳይሆን ወደ ሙጫ ያፈሰዋል። የደከመውን ዛፍ ደግሞ ጥንዚዛ ይቦረቡረዋል፣ ንፋስ ይጥለዋል።

በዚህ ላይ የድንበሩ ችግር ተጨምሯል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑ የተነሳው ጦርነት፣ በ2015 ዓ.ም. የፈነዳው የሱዳን ጦርነትና በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት፣ ስደተኛ ያጎረፈውን የመተማን መንገድ ለነጋዴም ለደን ጠባቂም አስቸጋሪ አድርገውታል። ባለቤቱ ያልታወቀ ደን በሰላም ጊዜም ይጎዳል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ያለ ልክ ይደማል።

ምን ይደረግ?

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። አበጀ እሸቴና ባልደረቦቹ መተማን ጨምሮ ባደረጉት ሙከራ፣ በአንድ ዛፍ ላይ ከዘጠኝ ቁስል በላይ ማብዛት ምርት እንደማይጨምር አሳይተዋል። ከዚያ በላይ የሚቆርጥ ሠራተኛ ዛፉን ያደክማል እንጂ ኪሱን አይሞላም። ዛፉ በየጊዜው የዕረፍት ዓመት ይፈልጋል፤ ቀጭኑም ዛፍ መነካት የለበትም። ከደኑ የተወሰነ ክፍል ከከብትና ከእሳት ተከልሎ ቢከርም ችግኙ ለመቋቋም ዕድል ያገኛል። ከወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ተሞክሮ የሚሠራ ዘዴ ነው። 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው አልጣሽ፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተያይዞ፣ ለዚህ ሁሉ የዘር ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ደኑ ባለቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው። የዕጣን ደን ለኩባንያ የሚከራየው በጥቂት ዓመት ውል ከሆነ፣ ተከራዩ ዛሬን ያደማል እንጂ ለሃምሳ ዓመት አይተክልም። የገለጉና የመተማ ወጣቶች ማኅበር የረጅም ጊዜ መብት ቢሰጠው፣ ዘይቱም ገንዳ ውኃ ወይም ጎንደር ላይ ቢነጠር፣ ዛፉ ለእነሱ ከሰሊጥ ማሳ ይልቅ የሚያዋጣ ይሆናል። የማያዋጣን ዛፍ አዋጅ ብቻውን አያድነውም።

ዕጣን ገዢውም ድርሻ አለው፤ ከየት እንደመጣና ደኑ ዕረፍት ይሰጠው እንደሆነ ሻጩን ይጠይቅ። የክልሉ የደን ባለሥልጣናትና ላኪዎች ደግሞ በውላቸው ውስጥ የቁስሉን ቁጥርና የችግኙን ግዴታ ያስገቡ። ኦክታኖሉን ማንም ፋብሪካ ይሠራዋል። የቋራና የመተማ ዕጣን የሚገኘው ግን ዛሬ ከእሳት ከዳነ ችግኝ ብቻ ነው፤ ያ ችግኝ ደግሞ ለማድማት የሚበቃው ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ መጠበቁ ለከርሞ የሚባል ሥራ አይደለም።